ለሌሊት የተራራ ብስክሌት የፊት መብራት፦ መሪው ላይ ወይስ ሄልሜቱ ላይ?

ገዢ መጀመሪያ የሚያየው በማሸጊያው ላይ በትልቁ የታተመውን የሉመን ቁጥር ነው፤ 1000፣ 2000፣ አንዳንዱም 5000 ይላል። ቁጥሩ የሚናቅ ባይሆንም ብቻውን አያስገዛም። ሉመን ከመብራቱ የሚወጣውን ጠቅላላ ብርሃን ይለካል እንጂ ብርሃኑ የት እንደሚያርፍ አይናገርም። ዓይንም ብርሃንን እንደ ሚዛን አይመዝንም፤ 2000 ሉመን ከ1000 ሉመን እጥፍ ደምቆ አይታይም። ስለዚህ ከቁጥሩ በፊት መብራቱ የሚታሰርበትን ቦታ መወሰን ይቀድማል።

መሪው ላይ የታሰረ መብራት ከዓይን ዝቅ ብሎ ስለሚያበራ ከእያንዳንዱ ጉብታ ጀርባ ጥላ ይጥላል። ጥላው ደግሞ ትልቅ ጥቅም አለው። መንገዱን አቋርጦ የተዘረጋ የዛፍ ሥር ከበስተጀርባው ጥቁር መስመር ይዞ ይታያል፤ መስመሩ በሰፋ መጠን ሥሩ ከፍ ያለ ነው፤ የፊት ጎማው ሳይደርስበትም ክብደትን ወደ ኋላ መሳብ ይቻላል። ያንኑ ሥር በሄልሜት መብራት ብቻ ቢያዩት ብርሃኑና ዓይንዎ በአንድ አቅጣጫ ስለሚመለከቱ ጥላው ከሥሩ ጀርባ ተሸሽጎ ይቀራል። ሁሉም ነገር በርቷል፣ ግን መሬቱ ጠፍጣፋ ይመስላል፤ ጉድጓዱና ጉብታው አይለዩም።

የመሪ መብራት ድክመት የሚገለጠው ጠመዝማዛ ላይ ነው። ጠባብ መታጠፊያ ሲደርሱ ዓይን መውጫውን ይፈልጋል፤ መሪው ግን ገና አልዞረምና እዚያ ጨለማ ነው። የፊት ጎማው ድንጋይ ላይ ሲነሳም ብርሃኑ ወደ ዛፎቹ ጫፍ ይሸሻል። የሄልሜት መብራት ግን ዓይን ያየበት ሁሉ አብሮ ይሄዳል፤ ሰንሰለት ቢወልቅ ወይም ጎማ ቢተነፍስም ሁለቱን እጆች ነጻ ይተዋል። በጉምና በአቧራ ውስጥ ግን እንደ እሱ የሚያስቸግር የለም፦ ብርሃኑ ከጠብታዎቹ ላይ ነጥሮ ዓይን ውስጥ ስለሚመለስ ፊት ለፊት ነጭ ግድግዳ ይቆማል። ያኔ አጥፍቶ በመሪው መብራት ብቻ መሄድ ይሻላል።

በእኔ ሚዛን መሪው ላይ ከ1000 እስከ 1500 ሉመን ያለው ሰፊ ጨረር፣ ሄልሜቱ ላይ ደግሞ ከ600 እስከ 1000 ሉመን ያለው ጠበብ ያለ ጨረር ሲጣመሩ ከአንድ የ3000 ሉመን መብራት ይበልጣሉ። አንዱ ቁልቁለት መሐል ቢጠፋ በሌላው ብርሃን በደህና ይቆማሉ፤ ይህን ጥቅም የትኛውም ትልቅ ቁጥር አይተካውም።

የጨረሩን ቅርጽ በተመለከተ፣ ብርሃን የሚደርስበትን ርቀት እጥፍ ለማድረግ አራት እጥፍ ጥንካሬ ይጠይቃል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚወርድ ሰው በሴኮንድ ከ8 ሜትር በላይ ይጓዛልና ሩቅ ማየት አለበት፤ በጠባብ የእግር መንገድ ቀስ ብሎ ለሚሄድ ግን ስፋት ይበልጥበታል። ለአስፋልት የተሠሩትን፣ ከፊት የሚመጣውን ሰው እንዳያሳውሩ ጨረራቸው ከላይ የተቆረጠ መብራቶች ለተራራ አይግዙ። ዝቅ ያለውን ቅርንጫፍ የሚያዩት ግንባርዎ ሲነካው ነው።

ባትሪው ሌላው መለያ ነው። የእንግሊዙ መብራት አምራች ኤክስፖዠር ባትሪውን ከመብራቱ አካል ጋር አንድ አድርጎ በመሥራት ይታወቃል፤ ገመድ ስለሌለው ማሰሩም መፍታቱም ቀላል ነው። የጀርመኑ ሉፒንና የቻይናው ማጂክሻይን ደግሞ ባትሪው ለብቻው ተለይቶ ፍሬም ላይ የሚታሰርባቸው ሞዴሎች አሏቸው። ረጅም ጉዞ ለሚወጣ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ መለዋወጫ ባትሪ መያዝ ይቻላልና። ሄልሜት ላይ ሲሆን ክብደቱ አንገት ላይ ስለሚያርፍ ባትሪውን ቦርሳ ወይም ኪስ ውስጥ ማድረግ ይመረጣል።

የሚበራበትን ሰዓት በሒሳብ ይፈትኑ። 1000 ሉመን በግምት 10 ዋት ይበላል። 18650 የሚባለው፣ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 65 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው የሊቲየም ባትሪ ጥሩ ከሆነ 12 ዋት ሰዓት ያህል ይይዛል። እንግዲህ ሁለት እንዲህ ያሉ ባትሪዎች ያሉት መብራት «2000 ሉመን ለ3 ሰዓት» ቢል፣ የሚያስፈልገው 60 ዋት ሰዓት (20 ዋት በ3 ሰዓት ሲባዛ)፣ ያለው 24 ነው። ውሸት ብቻም ላይሆን ይችላል፦ ኤፍኤል 1 በተባለው የእጅ ባትሪ መለኪያ ሰዓቱ የሚቆጠረው ብርሃኑ ከመነሻው ወደ 10 በመቶ እስኪወርድ ነው። ጥሩ አምራች ብርሃኑ በየሰዓቱ እንዴት እንደሚቀንስ በሥዕል ያሳያል፤ እሱን ይጠይቁ። ብዙ መብራት ሲግል ራሱን ያደበዝዛል፤ ነፋስ በማያገኝበት አዝጋሚ አቀበት ላይ ይህ ቶሎ ይመጣል፤ ብርድም የባትሪውን ጉልበት ይቀንሳል።

ውኃን በተመለከተ አይፒኤክስ የሚባለውን የውኃ መቋቋም ደረጃ ይዩ፦ አይፒኤክስ 4 ፍንጣቂን ይችላል፤ አይፒኤክስ 7 በ1 ሜትር ውኃ ውስጥ 30 ደቂቃ ይቆያል። ለዝናብ የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ ይበቃል። ማብሪያውን ግን ወፍራም ጓንት አድርገው ይሞክሩት፤ ማሰሪያውንም በእጅዎ ወዝውዘው ይዩት።

ገንዘቡ ለአንድ ብቻ ከበቃና መንገድዎ ሰፊና ድንጋያማ ከሆነ የመሪውን ይግዙ። በዛፎች መካከል የሚጠማዘዝ ከሆነ የሄልሜቱ ይቅደም፤ ሲገዙ ግን መሪ ላይም የሚታሰርበት ማሰሪያ አብሮት መኖሩን ያረጋግጡ።