ኮምፒዩተር ለምትቀይሩ ሁሉ፦ ቸርችል ጎዳና አጠገብ ላለችው ባለሙያ ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

ሰላም ወዳጆች። በዚህ ገጽ ላይ ስለ መጥፎ አገልግሎት ሲጻፍ ብዙ አነባለሁ። ዛሬ ደግሞ ሥራዋን አሳምራ የሠራችልኝን ልጅ ላመስግን።

ልደታ አካባቢ የትርጉምና የጽሕፈት ሥራ ነው የምሠራው። የልደት ምስክር ወረቀት፣ ውክልና፣ የጋብቻ ውል፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ፤ ውጭ የሚሄድ ወይም የሚካሰስ ሰው የሚፈልገው ወረቀት ሁሉ በእኔ ጠረጴዛ ያልፋል። የአሮጌው ዴስክቶፔ ፕሮሰሰር አራተኛ ትውልድ ኢንቴል ኮር አይ 3 ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቆመ። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል በኩል በአብዛኛው ከስምንተኛ ትውልድ በታች ያለውን በይፋ አይቀበልም። ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን የደህንነት ቺፕም ይጠይቃል። የእኔው ማሽን ወይ ፍንክች! ስለዚህ ላፕቶፕ ገዛሁ።

መግዛቱ ቀላል ነበር። ራስ ምታቱ የመጣው ከአሮጌው ወደ አዲሱ ማዛወሩ ላይ ነው።

መጀመሪያ የጠየቅኩት ቤት "ሁለቱንም አስቀምጥና ማታ ና፣ ኮፒ አድርገን እንጠብቅሃለን" አለኝ። አላስቀመጥኩም። ኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለው የእኔ የሠርግ ፎቶ ብቻ ቢሆን ግድ አልነበረኝም። የሰው ፓስፖርት፣ የሰው ፍቺ፣ የሰው የባንክ ወረቀት ነው ያለው። አሁን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሚባል ሕግም አለ። ሕጉ ባይኖርም ደንበኛ አምኖ የሰጠኝን ወረቀት እንደ ነገሩ ጥዬ የምሄድ ሰው አይደለሁም።

አንድ ጠበቃ ወዳጄ ነው የጠቆመኝ። "እዚያች ልጅ ጋ ሂድ፣ አጠገቧ አስቀምጣህ ነው የምትሠራው" አለኝ። ከቴዎድሮስ አደባባይ ወደ ለገሃር ስትወርዱ፣ ከቸርችል ጎዳና ትንሽ ገባ ብሎ ካለ ሕንፃ ላይ ነው ቤቷ። ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍቱን ተስፋ አታድርጉ። ስሟን በአደባባይ እንዳልጽፍ ለምናኛለች። ስልኳን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እልካለሁ።

ገና ስገባ ስለ ዋጋ ወይም ስለ ጊጋባይት ታወራለች ብዬ ስጠብቅ፣ "ጋሼ፣ ጠዋት ቢሮ ሲገቡ መጀመሪያ የሚከፍቱት ምንድን ነው?" አለችኝ። ነገርኳት። "እስኪ እንደ ወትሮዎ ይሥሩ" ብላ አሮጌውን ኮምፒዩተር አብርታ አጠገቤ ተቀመጠች። አንድ የውክልና ትርጉም ከፍቼ መጻፍ ጀመርኩ። እሷ ደብተር ይዛ ዝም ብላ ታያለች። በየትኛው ሶፍትዌር አማርኛ እንደምጽፍ፣ ናሙናዎቹን ከየት እንደማወጣ፣ ስካነሩ የቃኘውን የት እንደሚያስቀምጥ፣ የትኛው ድረ ገጽ ላይ ፓስዎርዱ ተሞልቶ እንደሚጠብቀኝ፣ ሁሉንም ጻፈች። እኔ ራሴ የረሳሁትን አንድ ፎልደር እንኳ ያገኘችው በዚያ ነው። ሰነዶች የሚለው ውስጥ አልነበረም፤ ስካነሩ በራሱ ፈቃድ ሲ ድራይቭ ውስጥ የፈጠረው ነበር። ሰነዶችንና ዴስክቶፕን ብቻ ኮፒ የሚያደርግ ሰው ያንን ጥሎት ይሄዳል።

ከዚያ የተጫኑትን ፕሮግራሞች ዝርዝር አውጥታ አተመችና በእስክሪብቶ ከፈለችው፦ የሚያስፈልግ፣ የማያስፈልግ፣ ላይሰንሱ የሚፈለግ። እኔም እንደ ብዙ ሰው "ፕሮግራሙንም አብረሽ ኮፒ አታደርጊውም?" ብዬ ነበር። ሳቀች። "ጋሼ፣ ፋይል የቤት ዕቃ ነው፣ አይሱዙ ላይ ጭነው ይሄዳሉ። ፕሮግራም ግን የውሃ መስመር ነው፤ ከግድግዳው ነቅለው ቢወስዱት አዲሱ ቤት ውስጥ ውሃ አይመጣም።" ነገሩ እንዲህ ነው። ፕሮግራም ሲጫን ከራሱ ፎልደር ሌላ ዊንዶውስ ውስጥ ሬጂስትሪ የሚባል መዝገብ ላይ ይመዘገባል፣ በየስርቻውም የራሱን ትናንሽ ፋይሎች ይበትናል። ፎልደሩን ብቻ ብትወስዱት አዲሱ ማሽን አያውቀውም። እንደ አዲስ መጫን አለበት። ከአሮጌው የሚወሰደው የእናንተ ሥራና ማስተካከያ ነው።

ሃርድ ዲስኩን ፈትታ፣ አቧራውን ጠርጋ፣ በዩኤስቢ የሚሰካ ኬዝ ውስጥ ከተተችው። ወዲያው ኮፒ አልጀመረችም። መጀመሪያ ጤንነቱን የሚያሳይ ፕሮግራም ከፍታ አሳየችኝ፤ ቢጫ ምልክት ነበረበት። "ይሄ ዲስክ ደክሟል፤ ዛሬ ፋይል መፈለጊያና መክፈቻ አናደርገውም፣ አንዴ ሙሉውን እናውጣ" አለች። መጀመሪያ ወደ ሌላ ኤክስተርናል ዲስክ፣ ከኤክስተርናሉ ወደ ላፕቶፑ። አሮጌው ዲስክ ላይ አንድ ነገር አልጻፈችበትም፣ ፎርማትም አላደረገችውም። "ለጥቂት ወራት መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጡት" ብላ በላስቲክ ጠቅልላ መለሰችልኝ። "ፎርማት አድርጌ ልሽጥልህ" የሚሉ አሉና ይህን ልብ በሉ።

ከኤክስተርናሉ ወደ ላፕቶፑ ኮፒው እየሄደ መብራት ጠፋ። ልቤ ቀጥ አለ። እሷን አይሞቃት አይበርዳት! ላፕቶፑ በባትሪው ቀጠለ፣ ኤክስተርናሉም ኃይል የሚያገኘው ከላፕቶፑ ዩኤስቢ ነው። ኮፒ የምታደርገውም እኛ እንደምናደርገው ጎትታ በመጣል አይደለም። ሮቦኮፒ የሚባል ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣ ትእዛዝ አለ፤ ጥቁሩ መስኮት ላይ ይጻፋል። ቢቋረጥ እንኳ እንደገና ሲጀመር ያለቀውን እየዘለለ የቀረውን ይወስዳል፣ ያቃተውን ፋይልም በስሙ ይዘረዝራል። በመጨረሻ ያቃተው ፋይል ጥቂት ነበር፤ አንድ በአንድ አሳይታኝ "ይሄ ያስፈልግዎታል?" አለችኝ። ከአንድ የቆየ ቪዲዮ በቀር የሚያስቆጭ አልነበረበትም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ፤ የአማርኛ ፊደል። ለትርጉም ቤቶች፣ ለራፖር ጻፊዎች፣ የቆየ ማኅደር ላለው መሥሪያ ቤት ሁሉ የሚሆን ነው።

ዩኒኮድ የሚባለው፣ ለየቋንቋው ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት የእኛን ፊደል ያካተተው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት የአማርኛ ሶፍትዌሮች የእንግሊዝኛው ፊደል ቦታ ላይ የእኛን ቅርጽ ያስቀምጡ ነበር። ኮምፒዩተሩ "a" ነው ብሎ ያስባል፣ እኛ ሌላ ፊደል እናያለን። የዚያን ጊዜ ፎንት የሚይዘው ቢበዛ 256 ቦታ ነው። የእኛ ፊደል ከነዝርያው፣ ከነቁጥሩና ከነነጥቡ ከዚያ ይበልጣል። ስለዚህ ከአንድ በላይ ፎንት ላይ ይከፋፍሉታል። እኔም በልምድ ለረጅም ጊዜ በዚያው ቀጥያለሁ፣ ብዙዎቻችንም እንዲሁ ነን። ፋይሉ አዲስ ማሽን ላይ ሲከፈት ፎንቱ ከሌለ የሚታየው የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ነው። ከፎንቶቹ አንዱ ብቻ ከቀረ ደግሞ ገጹ ጉራማይሌ ይሆናል። ሰው "ፋይሌ ተበላሸ" ይላል። ፋይሉ ደህና ነው፤ ፎንቱ ነው ያልመጣው።

ልጅቷ ይህን አሳምራ ታውቃለች። ሃርድ ዲስኩን ከመፍታቷ በፊት በአሮጌው ማሽን ላይ ዋና ዋና ሰነዶቼን ወደ ፒዲኤፍ አስቀየረችኝ። ፒዲኤፉ ፎንቱን በውስጡ ይዞ ስለሚሄድ የትም ቢከፈት ይነበባል። ከዚያ የአሮጌውን የፎንት ፎልደር ገልብጣ፣ የሚያስፈልጉትን መርጣ አዲሱ ላይ ጫነች። ፓወር ግዕዝ የሚባለውን የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌርም እንደገና ጫነችልኝ። ኒያላ የሚባለውን ፎንት ለምትጠቀሙ አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ ከዊንዶውስ 10 ወዲህ እሱ ሁልጊዜ ተጭኖ አይመጣም። ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ከተጨማሪ ፊቸሮች ዝርዝር የኢትዮጵያ ፊደል ፎንቶችን መርጦ በኢንተርኔት ማውረድ ያስፈልጋል።

በየቀኑ የምጠቀምባቸውን ናሙናዎች ወደ ዩኒኮድ ቀየረቻቸው። የድሮ ማኅደሬን በሙሉ "ቀይሪልኝ" ስላት ግን እሺ አላለችም። መቀየሪያ ፕሮግራሙ አንዳንዴ ፊደል ያሳስታል፤ በስም ላይ ከተሳሳተ ደግሞ ጣጣው የእኔና የደንበኛው ነው። ኃይሉ እና ሀይሉ ኤምባሲ ሲደርሱ ሁለት ሰው ሊሆኑ ይችላሉ። "የሚያስፈልግዎትን በሚያስፈልግዎት ቀን ይቀይሩ፣ ያን ጊዜም ከዋናው ጋር ያመሳክሩ" አለች። ቀይራው ቢሆን የበለጠ ታስከፍለኝ ነበር። እምቢ ያለችው ገንዘቡን ትታ ነው።

ፓስዎርድ ላይም ያላወቅኩት ነገር ነበር። ክሮም ውስጥ የተቀመጠው ፓስዎርድ ከአሮጌው የዊንዶውስ ተጠቃሚ ጋር የተቆለፈ ስለሆነ ፎልደሩን ብትገለብጡት አዲሱ ላይ አይከፈትም። አሮጌው ማሽን ሳይፈታ በፊት ወይ በጂሜይል ሲንክ ማድረግ፣ ወይ ኤክስፖርት አድርጎ ማውጣት ነው። ኤክስፖርት ስናደርግ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ፋይሉ ፓስዎርዱን በግልጽ ጽሑፍ ስለሚያወጣው፣ አዲሱ ላይ እንዳስገባን አስጠፋችኝ። አዲሱን ላፕቶፕ በማይክሮሶፍት አካውንት ስንከፍተው ዲስኩ በራሱ ተቆልፏል። የመክፈቻ ቁልፉ 48 አሃዝ ነው። አሳተመችኝና "ላፕቶፑ ቦርሳ ውስጥ እንዳያስቀምጡት" አለች።

ያልሆነም አለ። የምወደው የጥንት መዝገበ ቃላት ፕሮግራም ባለ 16 ቢት ሆኖ ተገኘ። ዊንዶውስ 11 የሚመጣው በ64 ቢት ብቻ ነው፣ እንዲህ ያለውን አያስኬድም። ሌላው ቢሆን "እሞክራለሁ፣ ነገ ና" እያለ ያመላልሰኝ ነበር። እሷ እቅጩን ነገረችኝ።

እዚያ ተቀምጬ ሳለሁ አንዲት የሒሳብ ባለሙያ ፒችትሪ የሚባለው የሒሳብ ሶፍትዌር ያለበትን ኮምፒዩተሯን ይዛ መጣች። ልጅቷ የመከረቻትን ሰምቻለሁና ላካፍላችሁ። መጀመሪያ ባክአፑን ከፕሮግራሙ ውስጥ ውሰዱ፣ አዲሱ ላይ ያንኑ ቨርዥን ጭናችሁ ሪስቶር አድርጉ። ዳታው አንዴ በአዲስ ቨርዥን ከተቀየረ አሮጌው መልሶ አይከፍተውም። ሰኔ 30 ሊደርስ ሲል ኮምፒዩተር መቀየርንም አትመክርም፤ ይሄኛው እንኳ ለሒሳብ ሰው መንገር አያስፈልግም።

እንከን አውጣ ካላችሁኝ፣ ልጅቷ ፈጣን አይደለችም። ሥራ ላይ ስትሆን ስልክ አታነሳም። "ቶሎ በይልኝ" ስትሏት "ቶሎ ከፈለጉ ሌላ ቤት ይሞክሩ" ትላለች፣ ያውም በትሕትና። አንድ አጣዳፊ ደንበኛ በዚህ ተናዶ ሲወጣ አይቻለሁ።

ዋጋውን ገና ሳትነካው ነው የነገረችኝ፣ ስትጨርስም ያንኑ ነው የተቀበለችኝ፤ ደረሰኝም ቆርጣለች። እንደ ሥራው ስለሚለያይ ቁጥሩን አልጽፍም። ከመክፈሌ በፊት አዲሱ ላፕቶፕ ላይ አንድ እውነተኛ ሥራ አሠራችኝ፦ ስካን፣ ትርጉም፣ ኅትመት። ማተሚያው ኤ4 ትቶ ሌተር መጠን ይዞ ስለነበር የገጹ ግርጌ ተቆረጠ፤ እሱንም እዚያው አስተካከለችው። ልጄ፣ ይህን ካነበብሽው እጅሽ ይባረክ። ለጠቆመኝ ጠበቃም ቡና አለብኝ።

ለምትሄዱ፦ እሁድ ዝግ ነው። አስቀድማችሁ መልእክት ላኩላት፣ ማታ ማታ ትመልሳለች። የአሮጌውን ቻርጀር ወይም የኃይል ገመድ፣ የጂሜይልና የማይክሮሶፍት አካውንት ፓስዎርዳችሁን፣ የገዛችሁት ሶፍትዌር ካለ የላይሰንስ ቁጥሩን ያዙ። ፍላሽ ይዛችሁ ከሄዳችሁ መጀመሪያ እሷ ትፈትሸዋለች፤ ሾርትከት ቫይረስ ያለበት ፍላሽ እዚያ ቤት ዝም ብሎ አይሰካም።