ከእንጦጦ ወርደን ቸርኬው አልጋለም፦ ኤሌክትሪክ መኪናዬ ከስምንት ወር በኋላ

ሽሮ ሜዳ ስንደርስ አባባ «እስቲ አቁሚ» አሉኝ። ዳር ይዤ አቆምኩ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ቢሆንም ከሁላችንም ቀድመው ወረዱ። ፊት ጎማው አጠገብ ቁጢጥ ብለው መዳፋቸውን ወደ ቸርኬው አስጠጉ። ትንሽ ቆይተው ነኩት። ወደ ኋላኛውም ዞሩ። ተመልሰው ገብተው በሩን ዘጉና «ቀዝቃዛ ነው» አሉ። ሌላ ምንም አልጨመሩም።

አባባ የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ። ኤንትሬ ፊያት ይዘው ጣርማ በርን ስንት ጊዜ እንደወረዱ እሳቸውም አይቆጥሩትም። ፍሬን እምቢ ብሎት ገደል የገባ ጓደኛ ቀብረዋል። እሳቸው ቁልቁለት ወርደው ቸርኬ ሲነኩ ፍሬኑ መጋሉን ለማወቅ ነው እንጂ ለጨዋታ አይደለም።

መኪናዋን የገዛኋት የካቲት ላይ ነው። ቻይና ሠራሽ ናት፣ ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ የምትሄድ። ባትሪዋ 50 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይይዛል። ብራንዷን ለምትጠይቁኝ፦ የማወራው ነገር፣ ቁልቁለት ላይ መኪናዋ ያለ ፍሬን ራሷን መያዟ፣ የአንድ ብራንድ ብቻ አይደለም። አሁን መንገድ ላይ የምታዩዋቸው ኤሌክትሪክ መኪኖች ሁሉ አላቸው ማለት ይቻላል። የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከ2016 ጀምሮ ስለተከለከለ፣ አዲስ መኪና ልግዛ ያለ ሰው መጨረሻው እዚሁ ነው።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው፣ ከተማው ታች ጫፍ። ሥራዬ ስድስት ኪሎ። በየቀኑ ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች ነው። ወንበሯ ይመቻል፣ ድምፅ የላትም፣ ማታ ቤት ሰክቻት አድራለሁ። ስለነዚህ ብዙ የምለው የለኝም።

ስገዛት ያልመከረኝ ሰው አልነበረም። «ዳገት ላይ ታስለቅስሻለች» ያለኝ ጎረቤት አለ። «እንጦጦን በባትሪ? ተይ እንጂ!» ያለኝም አለ። ሻጩ ደግሞ በተቃራኒው 400 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች አለኝ። ግማሽ ሰዓት ስለ ስክሪኑና ስለ ጣሪያው መስታወት አወራልኝ። ስለ ዳገት ሳነሳበት «ምንም ችግር የለውም እህቴ» ብሎ ወደ ስክሪኑ ተመለሰ። ስለ ቁልቁለት እኔም አልጠየቅኩም፣ እሱም አልነገረኝም። ለሻጩ ዛሬም መልስ አለኝ፤ እመለስበታለሁ።

ከመስቀል በኋላ ባለው ቅዳሜ እማዬና አባባ ከኮምቦልቻ መጥተው ስለነበር ሽርሽር ወጣን። እነሱ፣ ሁለቱ ልጆቼና እኔ። ባለቤቴ ሥራ ነበረበት። እማዬ እንጦጦ ማርያምን መሳለም ፈልጋ ነበር። ከዚያ ሱሉልታ፣ ከዚያ ወደ ቤት። ጠዋት ስንነሳ ባትሪው 90 ፐርሰንት ነበር።

አባባ ከፊት ተቀመጡ። ቃሊቲን እስክናልፍ ዝም አሉ። በኋላ ነው የገባኝ፤ ሞተሩን ሊሰሙ ጆሯቸውን አቁመው ነበር። «ማርሹ የት አለ?» አሉኝ። «የላትም አባባ» አልኳቸው። «ታዲያ ቁልቁለት በምን ትይዣታለሽ?»

ጥያቄው ትልቅ ነው። የድሮ ሹፌር ሕግ «በወጣሽበት ማርሽ ውረጂ» ይላል። ፍሬን ላይ ብቻ ከተማመንሽ የፍሬኑ ሸራ ይግላል፣ የጋለ ሸራ መያዝ ያቆማል። ከባድ መኪና በከባድ ማርሽ ሲወርድ ሞተሩ ራሱ ይይዘዋል። ማርሽ የሌላትን መኪና ምን ይያዛት?

«ስንወርድ ያያሉ» አልኳቸው።

ከሽሮ ሜዳ በላይ ያለውን ዳገት የወጣ ያውቀዋል። የቦሌ አየር ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,330 ሜትር ገደማ ነው። የእንጦጦ አናት ከ3,000 ያልፋል። የነዳጅ ሞተር እንደ ሰው አየር ይፈልጋል፤ ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፣ ጉልበቱም አብሮ ይቀንሳል። አየር የሚገፋለት ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ አንድ አሥረኛ ያህል ጉልበት ያጣል ይባላል። አባባ ኤንትሬው ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ እየተፋ በእግር ከሚሄድ ሰው እኩል ይጓዝ እንደነበር ነገሩን። ኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም። አምስት ሰው ጭና ከአንድ ሚኒባስ ኋላ ወጣች፤ ያልቀደምነው መንገዱ ጠቦን እንጂ አቅም አንሷት አልነበረም። ጎረቤቴ ቢያይ ደስ ባለኝ።

ባትሪው ግን ወርዷል። ይህንን መደበቅ አልፈልግም። ሰው ጭና ሁለት ቶን የምትሆን መኪና 700 ሜትር ሽቅብ ማንሳት ብቻውን 4 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ ኃይል ይበላል። መንገዱ ራሱ የሚፈጀው ሌላ ነው። ማርያም ደጅ ስንደርስ 71 ላይ ነበርን። ሠላሳ ኪሎ ሜትር ለማይሞላ መንገድ 19 ፐርሰንት! ወንድሜ ሻጩ፣ ያንተ 400 ኪሎ ሜትር የሜዳ ቁጥር ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ሜዳ አይደለችም። ይህን ፊት ለፊት ብትነግረኝ አልቀየምህም ነበር፤ ቤቴ የት እንደሆነ ጠይቀኸኝ አስልተህ ብትነግረኝ ደግሞ አመሰግንህ ነበር።

እማዬ ተሳልማ እስክትወጣ ከልጆቹ ጋር የምኒልክን ቤተ መንግሥት ዞርነው። ትልቁ ልጄ «ንጉሥ በጭቃ ቤት ይኖራል?» አለኝ። ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው የነገሡት እዚሁ እንጦጦ ማርያም በ1882 እንደሆነ ነገርኩት። አባባ ደግሞ እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃውን ወደው ከተማው ወደ ታች እንደወረደ ጨመሩለት። ቀዝቃዛ ነፋስ ነበር፣ ባሕር ዛፉ ይሸታል። አደይ አበባው ገና አላለቀም። ለእማዬ አስቆርጠን ያዝንላት።

ከዚያ መውረድ ጀመርን። እግሬን ከነዳጅ መስጫው አነሳሁ። ነዳጅ መስጫ የምለው ልማድ ሆኖብኝ ነው። መኪናዋ ራሷን ያዘች። አባባ ወደ ፊት ሸርተት አሉና ዳሽቦርዱን በእጃቸው ደገፉ። ወደ እግሬ አዩ። እግሬ ፍሬን ላይ አልነበረም።

አሠራሩ ቀላል ነው። እግር ሲነሳ ባትሪው ጎማውን መግፋት ያቆማል፣ በተራው ጎማው ሞተሩን ያዞራል። ያን ጊዜ ሞተሩ ጄኔሬተር ይሆናል፤ መብራት ያመነጫል፣ ባትሪውን ይሞላል። ሞተሩን ማዞር ጉልበት ስለሚጠይቅ መኪናው ይከብዳል፣ ይዘገያል። አባባ በከባድ ማርሽ ያደርጉት የነበረው ነገር ነው፤ ልዩነቱ የእሳቸው ሞተር ያንን ጉልበት በሙቀት መልክ ሜዳ ላይ መበተኑ፣ የኔዋ ማስቀመጧ ነው። ጠመዝማዛው ላይ ፍሬን የነካሁት ሦስት ወይም አራት ጊዜ ነው፣ እሱም ሰው ሲያቋርጥ።

እንጨት የተሸከሙ ሴቶች በመንገዱ ዳር ይወርዱ ነበር፣ ወገባቸው ጎብጦ፣ እያንዳንዱን እርምጃ እየያዙ። እማዬ ከኋላ ሆና ስታያቸው ቆየችና «ፍሬናቸው ጉልበታቸው ነው እኮ» አለች። ከዚያ በኋላ መኪናው ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ማንም አላወራም።

ሽሮ ሜዳ ስንደርስ ባትሪው 74 ነበር። አባባ «አቁሚ» ያሉት እዚህ ነው።

ሦስት ፐርሰንት ምን አላት የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ በገንዘብ ትንሽ ናት። እኔ ግን የምለው ስለ ፐርሰንቱ አይደለም፣ ስለ ቸርኬው ነው። ይህን ዳገት በየሳምንቱ የምትወርድ የነዳጅ ኦቶማቲክ ሸራ ስንት ጊዜ እንደምትቀይር ጋራዥ ጠይቁ። የኔ በስምንት ወር ሲታይ ገና አዲስ ይመስላል። ልጆቼን ጭኜ የምወርድበት ቁልቁለት ነው። ፍሬኔ ለክፉ ቀን ቀዝቅዞ ቢጠብቀኝ፣ ከዚህ በላይ ምን ይሸጥልኛል?

ወንድሜ ሻጩ፣ አሁን መልሴን ስማ። እግሬን ሳነሳ መኪናዋ ራሷን የምትይዝበትን ኃይል የሚያጠነክረው ማስተካከያ ከአራት ገጽ ሜኑ ሥር ተቀብሮ ነበር፣ ያውም በቻይንኛ። ለሦስት ወር ዝቅተኛው ላይ ሆኖ ነዳሁት። ያገኘልኝ የእህቴ ልጅ ነው፣ ስክሪኑን በስልኩ ካሜራ እያስተረጎመ። አንተ ስለ ጣሪያው መስታወት ከምታወራበት ሁለት ደቂቃ ቆርሰህ ብታሳየኝ ኖሮ!

ከዚህ የባሰም አለ። ሰኔ ላይ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት አካባቢ እህቴ ዘንድ አደርኩ። ሌሊቱን ሰክቻት 100 ሞላች። ጠዋት ቁልቁለቱን ስጀምር እግሬን ባነሳም አልያዘችም። ተንሸራተተች። ዝናብ ነበር፣ ልቤ ቀጥ አለ። ፍሬን ረግጬ ረግጬ ወረድኩ። ለሻጩ ደወልኩ፤ «ሶፍትዌር ይሆናል፣ አምጪያት» ተባልኩ። ሶፍትዌር አልነበረም። የሞላ እንስራ ውኃ አይጨምርም፤ ባትሪው ሞልቶ የሚመነጨውን መብራት የሚያስቀምጥበት ቦታ ስለሌለው መያዙን ትቶታል። ይህ የመኪናው ጉድለት አይደለም፣ ተፈጥሮው ነው። ግን ዳገት ላይ ለሚኖር ሰው ሳይነግሩ መሸጥ ጥፋት ነው። ሱሉልታ፣ እንጦጦ፣ የካ ተራራ ሥር የምትኖሩ፦ ጠዋት ቁልቁለት የምትጀምሩ ከሆነ 85 ወይም 90 ላይ ንቀሉ። ፍሬኑንም በየጊዜው ሆን ብላችሁ ርገጡት፤ ብዙ ያልተነካ ዲስክ በክረምት ይዝጋል።

ከሰዓት በኋላ በአዲሱ ገበያ አድርገን የጎጃምን መንገድ ወጣን። ሱሉልታ ላይ ሜዳው ቢጫ ሆኖ ነበር፣ ልጆቹ ሮጡ፣ ወተት ጠጣን። ስንመለስ ጋራው ጫፍ ላይ አባባ «አሁን እኔ ልይ፣ ፍሬን እንዳትነኪ» አሉኝ። የሚቀድመንን ሲኖትራክ አስቀድሜ ለቅቄለት ቀስ ብዬ ወረድኩ። እሳቸው እኔን ትተው ስክሪኑ ላይ ባትሪው ሲሞላ የምታሳየውን አረንጓዴ መስመር ያያሉ። ቁልቁለቱ ሲያልቅ ክርናቸውን መስኮቱ ላይ አደረጉ። ቀኑን ሙሉ እንደዚያ ተዝናንተው ሲቀመጡ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ማታ ቱሉ ዲምቱ ስንገባ 43 ፐርሰንት ነበረን። መኪናዋን አልሸጣትም። ሦስት ሰዎች በጥሩ ዋጋ ጠይቀውኛል፣ መልሴ አንድ ነው።

ባለፈው ሳምንት አባባ ደወሉ። ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርሱ «ያቺ መኪና ጣርማ በርን ትወርዳለች?» አሉኝ።

«ትወርዳለች አባባ። እኔን ያሳሰበኝ ስመለስ መውጣቱ ነው።»

ደብረ ሲና ላይ ቻርጅ የምታደርግበት ቦታ እያፈላለግኩ ነው። ከተገኘ ለገና ኮምቦልቻ ነን።