ያልሸጡልን መድኃኒት፦ በቱሉ ዲምቱ ስላለ አንድ ፋርማሲ

እህቴ ሥር የሰደደ የድካም ሕመም ከያዛት አራት ዓመት አልፏል። አንድ ጀሪካን ውሃ ይዛ አራተኛ ፎቅ ከወጣች በማግሥቱ አልጋ ላይ ትውላለች፤ ሌሊቱን ሙሉ ተኝታም ድካሙ አይለቃትም። እርጅናን ለማዘግየት እየተጠና ያለው ራፓማይሲን ለዚህ ሕመም ሊረዳ እንደሚችል በሰማን ጊዜ፣ በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ምድር ላይ ወዳለው ፋርማሲ ሄድን።

ፋርማሲስቷ አልሸጡልንም፤ ነገር ግን «የለም» ብለው ብቻ አላሰናበቱንም። መድኃኒቱ ራፓ ኑይ ከተባለችው የፓስፊክ ደሴት አፈር በተገኘ ባክቴሪያ የሚመረት መሆኑን፣ እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ የተፈቀደውም ኩላሊት የተተከለለት ሰው ሰውነት አዲሱን ኩላሊት እንዳይቃወም መሆኑን አስረዱን። እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣ ጥናት፣ በስተርጅና የተሰጣቸው አይጦች ዕድሜ በወንዶቹ 9፣ በሴቶቹ 14 በመቶ ያህል ጨምሯል። መድኃኒቱ ኤምቶር የተባለውን ፕሮቲን ሲገታ ሕዋሳት ያረጀ ክፍላቸውን አፍርሰው መልሰው የመጠቀም ሥራቸው ይበረታል፤ ተመራማሪዎችም ይህ ሥራ በድካም ሕመምተኞች ላይ ተዳክሞ ይሆናል ብለው ይጠረጥራሉ። እ.ኤ.አ. በ2025 በታተመ ጥናት በሳምንት 6 ሚሊ ግራም ከወሰዱት ሕመምተኞች ብዙዎቹ እንደቀለላቸው ተናግረዋል። ሆኖም ባዶ ክኒን የሚወስድ ማነጻጸሪያ ቡድን አልነበረም፤ በራሱ አንድ ሰሞን ተሽሎ ሌላ ሰሞን በሚብስ ሕመም ላይ ደግሞ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው።

ከዚያ በኋላ የጠየቁን ጥያቄ እስካሁን ከልቤ አልጠፋም፤ በቤታችን የሳንባ ነቀርሳ የታመመ ሰው እንዳለ ጠየቁ። እናታችን ከዓመታት በፊት ታክመው ድነዋል። መድኃኒቱ የሰውነትን የመከላከል አቅም ስለሚቀንስ ተደብቆ የኖረ ነቀርሳ ሊቀሰቀስ እንደሚችል ነግረውን፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝና ያለ ምርመራ ከማንም እንዳንገዛ አጥብቀው አስጠነቀቁን። ለዚህ ሁሉ ምክር አንድ ብር አልተቀበሉም። ስንት ቦታ ተንከራተን እንዲህ ረጋ ብሎ ያስረዳን ሰው አላገኘንም ነበር።

ቅሬታዬ አንድ ነው። ፋርማሲው ለደንበኛ የሚሆን መቀመጫ የለውም፤ በምሽት ደግሞ ወረፋው እስከ በሩ ይደርሳል። ለእህቴ ሃያ ደቂቃ መቆም የሁለት ቀን ጉልበት ነው። ያን ዕለት ፋርማሲስቷ የራሳቸውን ወንበር ከመደርደሪያው ጀርባ አውጥተው አስቀመጧት፤ እርሳቸው ግን እስክንወጣ ድረስ ቆመው አስረዱን። ባለቤቶቹ በበሩ አጠገብ ሁለት ወንበር እንዲያኖሩ ከልብ እጠይቃለሁ።