የኦይል ኩለር ኪቱን ገጠምኩ፣ ጥፋቱ ግን ሌላ ቦታ ነበር

ዳላስ አካባቢ የምትኖሩ የሰመሩን ሙቀት ታውቁታላችሁ። በዛ ሙቀት ጋራዤ ውስጥ በእጄ የገጣጠምኳትን ባለ ሁለት ወንበር አውሮፕላን ይዤ ስነሳ፣ ገና 3,000 ጫማ ሳልደርስ የዘይቱ ጌጅ 235 ፋራናይት ይላል። ሞተሯ ላይካሚንግ ኦ-320 ነው፣ ቀዩ መስመር 245። አፍንጫዋን ዝቅ አድርጌ እስኪበርድ እጠብቃለሁ፣ ከዛ እንደገና። የእንጦጦን ዳገት በላዳ እንደመውጣት ነው።

መጀመሪያ ቴርሞስታቱን፣ ማለትም ዘይቱ ሲግል ተዘርግቶ ወደ ማቀዝቀዣው የሚመራውን ቫልቭ፣ ፈትቼ ድስት ውስጥ ቀቀልኩት (ባለቤቴ ድስቱን እስካሁን አልረሳችውም)። 185 አካባቢ በደንብ ተዘረጋ፣ ጤነኛ ነው። ስለዚህ የኦይል ኩለሩን፣ ማለትም የሞተር ዘይቱን በአየር የሚያበርደውን ዕቃ፣ መግጠሚያ ኪት አዘዝኩ።

ኪቱ የሚያደርገው ይሄን ነው፦ ኩለሩን ከ4ኛው ሲሊንደር ኋላ ካለው ባፍል፣ ማለትም አየር ከሚመራው ላሜራ ላይ አንስቶ ፋየርዎሉ፣ ማለትም ሞተሩን ከአብራሪው ክፍል የሚለየው ግድግዳ ላይ ያስረዋል፣ አየሩን ደግሞ በብርቱካናማ ባለ 4 ኢንች ቱቦ ያመጣለታል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ስስ ላሜራ ያን ሁሉ ክብደት ተሸክሞ ከሞተሩ ጋር ሲንቀጠቀጥ ይሰነጠቃል፣ የኔም ጥጉ ላይ ጀምሮት ነበር። መያዣዎቹ ጠንካራ ናቸው፣ የቡሎን ቀዳዳዎቹም ልክክ ይላሉ።

ሳጥኑ ግን አናደደኝ። ከቱቦው የሚመጣውን አየር ኩለሩ ላይ መበተን ያለበት የአሉሚኒየም ሳጥን ጥልቀቱ ሁለት ጣት አይሞላም፣ አየሩ መሃል ላይ ይተኮስና ጥጎቹ ባዶ ይቀራሉ። ለሻጩ ብደውል «ሌላ ሰው አላማረረም» አለኝ። እሺ! ቀስ እያለ የሚሰፋ ሳጥን ራሴ በፋይበርግላስ ሠራሁ። ይህን ሁሉ ለፍቼ ጌጁ 222 ላይ ቆመ።

አንድ የሀንጋር ጎረቤቴ አዛውንት ናቸው፣ አንድ ማታ ከታች በኩል የእጅ ባትሪ አስገብተው በፊት ለፊቱ የአየር መግቢያ አሾልኬ እንዳይ ነገሩኝ። በባፍሉ ጠርዝ ዙሪያ ብርሃን ይፈሳል! ኮፈኑን ስዘጋ የማሸጊያው ጎማ ወደ ውስጥ መታጠፍ ሲገባው ወደ ውጭ ታጥፎብኛል፤ ግፊቱ ከኮፈኑ ጋር ሊያጣብቀው ሲገባ ጭራሽ እየከፈተው ነበር። ከራሴ በቀር የምወቅሰው የለም። አየር በኩለሩ የሚያልፈው ከላይ ያለው ግፊት ከታች ካለው ስለሚበልጥ ነው፣ በስንጥቅ ካመለጠ የቱንም ያህል ትልቅ ቱቦ ብታስገቡ ዋጋ የለውም። ጎማውን ቀይሬ ስንጥቁን በሲሊኮን ደፈንኩ፣ በማግስቱ በዛው ሙቀት 203። የሲሊኮኑ ዋጋ ከኪቱ ጋር ሲነጻጸር የማኪያቶ ነው።

ኪቱን ከ5 ኮከብ 3 እሰጠዋለሁ፣ ሳጥኑን ካሻሻሉት 4። ለምትገዙት ግን፦ ፋየርዎሉ ባለበት ይቆማል፣ ሞተሩ ግን በተቀመጠባቸው የጎማ መያዣዎች ላይ ይወዛወዛል፣ ስለዚህ የዘይት ቱቦዎቹን ወጥራችሁ እንዳትገጥሙ።