አሩሻ ወይስ ጋቻቻ?

ከሩዋንዳው ጭፍጨፋ (1994 እ.ኤ.አ.) በኋላ ፍትሕ በሁለት መንገድ ተሞከረ፦ አሩሻ በተቀመጠው የተባበሩት መንግሥታት ፍርድ ቤት (እስከ 2015 እ.ኤ.አ.) እና ጋቻቻ በተባለው የሩዋንዳ የመንደር ሸንጎ (እስከ 2012 እ.ኤ.አ.)። የቱ ይሻል ነበር?

ወጪ፦ የአሩሻው ፍርድ ቤት ከቢሊዮን ዶላር በላይ ፈጅቶ የቀጣው 62 ሰው ነው። ጋቻቻ ደመወዝ በሌላቸው የመንደር ዳኞች 1.9 ሚሊዮን ገደማ ጉዳይ አየ።

ቅርበት፦ የጋቻቻ ስም የመጣው ከሣር ነው። ገዳይ፣ የሟች ቤተሰብና ጎረቤት እዚያው ሰፈር ፊት ለፊት ይቀመጡ ነበር። እናት የልጇን አስከሬን የት እንደጣለው ትጠይቀው ነበር። አሩሻ ግን ድንበር ተሻግሮ ነው፤ የታንዛኒያ ከተማ።

ስጋት፦ ጋቻቻ ላይ ጠበቃ አልነበረም። ቂመኛ በሐሰት ሊወነጅል ይችል ነበር። ጭፍጨፋውን ያስቆመው የአሸናፊው ጦር፣ የሩዋንዳ አርበኞች ግንባር፣ ጥፋት ደግሞ (እውነቱን እንነጋገር ከተባለ) ሁለቱም ጋ አልታየም።

አፅም ፈልጎ ለመቅበር ጋቻቻ። በጭፍጨፋው ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር እንደነበረው ካምባንዳ ያለውን ዕድሜ ልክ ለማሰር አሩሻ።