የፋሲካ ማታ ቅርጫት ኳስ፦ የ2022/23 የሴቶች ዩሮሊግ

የሴቶች ዩሮሊግን፣ ማለትም የአውሮፓ ክለቦችን የሴቶች ቅርጫት ኳስ ውድድር፣ ከየት ልጀምር ለምትሉኝ፣ የ2022/23ን (እ.ኤ.አ.) ውድድር ፈልጋችሁ እዩ። ፍጻሜውን ግን መጀመሪያ አትንኩት።

ፍጻሜው ፕራግ ላይ ነበር፣ በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 8 ቀን 2015፤ የእኛ ፋሲካ። ዶሮው ተበልቷል፣ ቡናው ሁለተኛ ላይ ደርሷል። እኔ ስልኬን ረከቦቱ ላይ አስደግፌ አያለሁ። ፌነርባህቼ ከሜርሲን፣ ሁለቱም የቱርክ። ውጤቱ 99 ለ 60። ይሄ ፍጻሜ ነው? ልብ የሚሰቅል ነገር አልነበረውም። አጎቴ አንገታቸውን ሰገግ አድርገው፣ «ይቺ ረጅሟ ማናት? ሁሉንም እሷ ናት እንዴ የምታስገባው?» አሉ።

«ብሪያና ስቱዋርት ትባላለች ጋሼ።»

35 ነጥብ አስገባች። እኔን የያዘኝ ግን ነጥቡ አይደለም። በ2019 እ.ኤ.አ. እዚሁ ውድድር ላይ፣ ሀንጋሪ ሶፕሮን ውስጥ፣ በፍጻሜው ጨዋታ የተረከዝ ጅማቷ ተበጥሶ ነበር። ያን ዓመት አሜሪካ ያለውን ሊግ ሙሉ በሙሉ አልተጫወተችም። ይህን የሚያውቅ ሰው ፕራግ ላይ ስትዘል ሲያያት እግሯን ነው የሚያየው። ፌነርባህቼም ቢሆን ከዚያ በፊት አራት ፍጻሜ ተሸንፏል። የመጨረሻው የሚያናድድ ነው፤ ከዓመት በፊት ኢስታንቡል ላይ፣ በገዛ ከተማው፣ በሀንጋሪው ክለብ በሶፕሮን 60 ለ 55። በጦርነቱ የሩሲያ ክለቦች ሲታገዱ ግን ከእነሱ አንዱ የሆነው የየካተሪንበርግ ኮከቦች ገበያ ላይ ወጡ። ስቱዋርትና ኤማ ሜስማን ወደ ኢስታንቡል መጡ። ዋንጫው በአንድ በኩል እንዲህ ነው የተገኘው።

ጣዕሙ ያለው ምድብ ጨዋታው ላይ ነው። በዚያ ውድድር 16 ክለቦች በሁለት ምድብ ሆነው እያንዳንዳቸው 14 ጨዋታ ይጫወቱ ነበር። ሩብ ፍጻሜው ደግሞ ሁለት ጊዜ ቀድሞ ያሸነፈ የሚያልፍበት ነበር፤ አንድ ክፉ ቀን አያስወጣም ነበር። የኢስታንቡል ሰዓት ከእኛ ጋር አንድ ስለሆነ እንቅልፍ አይነሳም። እኔ ፋርማሲ ውስጥ የምሽት ተረኛ ነኝ፤ ስልኬን ከባንኮው ስር አድርጌ ነበር የምከታተለው። አንድ ቀን ጨዋታው ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው አንዲት እናት ለልጃቸው የትኩሳት ሽሮፕ ፈልገው ገቡ። መጠኑን በሲሪንጅ አሳይቼ፣ ሂሳብ ተቀብዬ ስመለስ ተጫዋቾቹ እጅ እየተጨባበጡ ነው። ማን እንዳሸነፈ ያወቅኩት በነጋታው ነው፣ ምክንያቱም ፓኬጄም እዚያው አለቀ። እውነቱን ለመናገር ትልቁ ጉድለት ይሄ ነው፤ ቪዲዮው ዳታ ይበላል። ጥራቱን ዝቅ አድርጋችሁ እዩ፣ የማሊያው ቁጥር ባይነበብም ኳሷ ትታያለች።

ከአምስት አራት ኮከብ ሰጥቼዋለሁ። አንዷን የቀነስኩት በዚያ 39 ነጥብ ልዩነት ነው።

በዓመቱ አጎቴ፣ «ያቺ ረጅሟ ዘንድሮ የለችም?» አሉኝ። የአሜሪካው ሊግ ልምምድ ላይ ያረፈደችን ነባር ተጫዋች ዓመቱን ሙሉ ማገድ እንደጀመረ ነገርኳቸው።

«ታዲያ አንቺ ምን ልታዪ ነው?»

«ሜስማን አለች ጋሼ» አልኳቸውና ወደ እሳቸው ስልኩን አዞርኩት።