የመሀል ከተማ መንገድ፦ ለመኪና ወይስ ለእግረኛ?

ባለፉት አስርት ዓመታት ብዙ መሀል ከተሞች ከሁለት አንዱን መርጠዋል። አንዱ መንገዱን ለመኪና ማስፋት ነው። ዕቃ ማድረስ ይቀላል። ግን መንገድ ሲሰፋ መኪናውም ይጨምራል፤ ጥቂት ቆይቶ ያው መጨናነቅ ይመለሳል። ለማስፋት የፈረሱት ቤቶች ግን አይመለሱም። እኔን በጣም የሚቆጨኝ ይሄ ነው።

ሌላው ለእግረኛ መተው ነው። የዴንማርኳ ኮፐንሃገን ስትሮየት የተባለውን ዋና የገበያ መንገዷን እ.ኤ.አ. በ1962 ለመኪና ዘጋች። ነጋዴዎች ገበያችን ሊሞት ነው ብለው ሰግተው ነበር። መንገዱ ዛሬም በሰው ይሞላል። የደቡብ ኮሪያዋ ሴኡል ደግሞ ጅረት ሸፍኖ የነበረውን ከፍ ያለ አውራ ጎዳና እ.ኤ.አ. በ2003 ማፍረስ ጀምራ፣ በ2005 ጅረቱን ለሕዝብ ከፈተች።

እርግጥ አውቶቡስ በቅርብ ከሌለ ለአረጋውያን ይከብዳል። የሱቅ ኪራይም ሊንር ይችላል። ቢሆንም ምርጫዬ ይሄኛው ነው። በእግሩ የሚሄድ ሰው ቆም ብሎ ሕንፃውን ያያል፤ ከሰው ጋርም ያወጋል።